የኩባ ረግረግ ወፍና የሱሉልታ ድርቆሽ

ሬን የሚባሉት ወፎች እኛ አገር የሉም። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከሰማንያ በላይ ዓይነት አላቸው። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የሚኖሩት በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ነው። ያ አንዱ ብቻ ወደ እስያና አውሮፓ ተሻግሯል። አፍሪካም ደርሷል፤ ግን ሰሜን ሰሜኑን ይዞ ቀርቷል። ሰሃራን አልተሻገረም።

ታዲያ ሱሉልታ ቁጭ ብዬ ስለ ሬን የምጽፈው ምን ቆርጦኝ ነው?

ሥራዬ ድምፅ ነው። ሰዎች የቀዱትን ይልኩልኛል፣ እኔ አጸዳለሁ። የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ፖድካስት፣ አንዳንዴም የሰርግ ቪዲዮ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ሲለኝ ከእንጦጦ ጀርባ ወረድኩ። ቀን ቀን እዚህም ቢሆን የገልባጭ መኪና ጋጋታ አለ። ንጋት ላይ ግን ሜዳው የሯጮችና የወፎች ነው። ሯጮቹ ድምፅ የላቸውም፤ ወፎቹ ግን በመስኮት ገብተው ከሰው ንግግር ጋር ይቀዳሉ። አንድን ወፍ ከቅጂ ውስጥ ለማውጣት ደግሞ ድምፁ ከየት እስከ የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዎች ከመላው ዓለም የወፍ ድምፅ እየቀዱ የሚያስቀምጡባቸውን ድረ ገጾች ማዘውተር ጀመርኩ። ከአጥራችን ሥር ከምትጮኸው ትንሽ ቡናማ ወፍ ተነስቼ፣ መልኳ የሚመስል ስፈልግ፣ ኩባ ላይ ወደቅኩ።

የሳፓታ ሬን ትባላለች። ሳይንሳዊ ስሟ ፌርሚኒያ ሴርቬራይ ነው። ዘፈኗ ከረር ባለ ፉጨት ይጀምራል። ከዚያ ይንቆረቆራል፣ ይሰበራል፣ መሀል ላይ አንድ የሚሻክር ነገር ይገባበታል፣ እንደገና ይቃናል። ካናሪ የሚባለውን የቤት ወፍ የሰማ ሰው ትንሽ ይቀርበዋል። ሞገዱን በኮምፒውተሬ ከፍቼ ሳየው ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ በዚያች አጭር ጊዜ እንዴት እንደተጠቀጠቀ አልገባ አለኝ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ ግን ያን ቅጂ ከሰማሁ በኋላ ረግጬው የማላውቀው ረግረግ ይናፍቀኝ ጀመር።

አካሏ ከድምፇ ጋር አይመጣጠንም። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ከዚያም ላይ ጅራቱ ብዙውን ይወስዳል። ቡናማ ነች፣ ሆዷ ነጣ ያለ፣ ጀርባዋና ክንፏ በቀጫጭን ጥቁር መስመር የተሸነተረ። ክንፎቿ አጭርና ክብ ናቸው፤ ለበረራ ብዙም አይመቹም። ከሳር ሳር ትዘላለች፣ ትንጠላጠላለች። መብረር ግድ ሲሆንባት ጥቂት ተንደፋድፋ ተመልሳ ሳሩ ውስጥ ትሰጥማለች። ነፍሳት፣ ሸረሪት፣ ቀንድ አውጣ፣ ትናንሽ እንሽላሊት፣ የዱር ፍሬ ትበላለች። ይህን ሁሉ ከምትኖርበት ጥቅጥቅ ሳር ሳትወጣ ታገኘዋለች። ስለዚህም አትወጣም።

ሳይንስ ያወቃት በ1926 ነው። (ዓመቶቹን እዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ፌርሚን ሳኖን ሴርቬራ የሚባል ስፔናዊ ነበር። በወታደርነት ኩባ ሄዶ፣ ስፔን በጦርነቱ ተሸንፋ ስትወጣ እሱ እዚያው ቀረ። ነፍሳት እያጠና የሚሰበስብ ባለሙያ ሆነ። ቶማስ ባርበር የሚባለው የሃርቫርድ የእንስሳት ሊቅ ወደ ሳፓታ ረግረግ እየላከ ናሙና ያስመጣው ነበር። ሬኗ በዚህ መንገድ ተገኘች። ባርበርም ሁለቱንም ስሞቿን ከሰውዬው ስም ወሰደላት፤ የመጀመሪያው ከፌርሚን፣ ሁለተኛው ከሴርቬራ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከዚያው ረግረግ የሳፓታ ድንቢጥና ሳፓታ ሬል የተባለ ሌላ የረግረግ ወፍ ለሳይንስ ተዋወቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ረግረግ ሦስት ወፍ። ባርበር ብዙ ጊዜ ይወደሳል። እኔ የምወደው ግን ያንን ውሃ ውስጥ እየተዘፈቀ የሄደውን ስፔናዊ ነው።

ቅጂውን ጎረቤቴን ያሰማሁት ለጨዋታ ያህል ነበር። ጎረቤቴ ወተት የምገዛቸው ጋሼ ናቸው። አምስት ስድስት የወተት ላሞች አሏቸው። ከቤታቸው ጀርባ ደግሞ ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሰፊ ጨፌ። የኩባ ተመላሽ ናቸው። አባታቸው ሚሊሺያ ሆነው ዘምተው ኦጋዴን ላይ ቀሩ። እሳቸውም ገና በልጅነታቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ኩባ ሄዱ። የወጣቶች ደሴት ይሉታል። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ማሳ ውስጥ ሥራ። እስከ ዛሬ ግሬፕፍሩት አፋቸው አይነኩም።

«ይሄ የኩባ ወፍ ነው ጋሼ፣ የሳፓታ ረግረግ» አልኳቸው።

«ሲዬናጋ!» አሉ ወዲያው። በስፓኒሽ ረግረግ ማለት ነው። የላሟን ጡት እንደያዙ ነበር። «አውቀዋለሁ እኮ። ሂሮንን ሊያስጎበኙን በአውቶቡስ አሳልፈውናል። ግራ ቀኙ ሳር ነው። ሳር፣ ሳር፣ ሳር። አያልቅም።»

ሂሮን ማለታቸው ፕላያ ሂሮንን ነው። በ1961 አሜሪካ ያስታጠቀቻቸው የኩባ ስደተኞች ከባሕር ወርደው የተሸነፉበት የአሳማዎች ወሽመጥ። ያ ወሽመጥ የሚገባው በቀጥታ ወደ ሳፓታ ረግረግ ነው። ወፏን አይተው እንደሆን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። እሳቸው የሚያስታውሱት ትንኙንና ሸርጣኑን ነው። በፀደይ ወራት ቀይ ሸርጣኖች ከጫካ ወጥተው እንቁላላቸውን ባሕር ላይ ሊጥሉ አስፋልቱን ያቋርጣሉ። መንገዱ በሙሉ ቀይ ይሆናል። የሚጨፈለቀው ቅርፊታቸው ጎማ ይበሳል። ሾፌሩ እየወረደ ሲራገም ልጆቹ በመስኮት እያዩ ይስቁ ነበር። ይህን ሲያወሩ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይሆናሉ።

ሳፓታ በካሪቢያን ትልቁ ረግረግ ነው። ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ሰባት ስምንት አዲስ አበባ ይውጣል። በ2000 የዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነ፤ በ2001 ደግሞ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች መዝገብ ገባ። ይህ ሁሉ ስፋት ግን የሬኗ አይደለም። እሷ የምትፈልገው አንድ ዓይነት ቦታ ነው፤ ሶግራስ የሚባለው ረጅም ሳር በውሃ ውስጥ የበቀለበት፣ እዚህም እዚያም ቁጥቋጦ ጣል ጣል ያለበት። ቁጥቋጦው ላይ ወጥታ ትዘፍናለች፣ ሳሩ ውስጥ ትኖራለች፣ ጎጆዋንም እዚያው ሳር ውስጥ ትሠራለች። ከዚህ ረግረግ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም። በ1970ዎቹ ልትጠፋ ነው ተብሎ ተሰግቶ ነበር። በኋላ ዘልቀው የፈለጉ ሰዎች በቦታ በቦታው ደህና ቁጥር እንዳለ አዩ። ዛሬ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ከሚባሉት ጋር ተመድባለች።

ሶግራስ ሳር እየተባለ ይጠራ እንጂ በዘሩ የቄጤማ ዘመድ ነው። አዎ፣ በዓመት በዓል ዋዜማ ገበያ ወጥተን የምንገዛው፣ ቤት የምንጎዘጉዘው ቄጤማ። ልዩነቱ የሶግራስ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። እጅ ይቆርጣል። ከብት አይበላውም። ማንም አይጎዘጉዘውም። ወፏን እስከ ዛሬ ያቆያት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የምትኖርበትን ሳር የሚመኝ የለም።

ግን የማይመኙት ነገር ሲቃጠልም የሚያለቅስለት የለም። በደረቁ ወራት እሳት ይነሳል። ሰው ያቀጣጥላል፣ ለራሱ ምክንያት፤ ሳሩ ደርቋል፣ ነፋሱ አለ፣ ይሄዳል። የምትበር ወፍ ከእሳት ታመልጣለች። ጥቂት ሜትር ተንደፋድፋ የምትወድቅ ወፍ የት ትደርሳለች? ብታመልጥስ ሳሩ ተመልሶ እስኪያድግ የት ትቆያለች? ከእሳቱ ሌላ ረግረጉን እያንጣፈፉ ለእርሻ ማዋል ነበር። ከዚያ ደግሞ እንግዳ እንስሳት አሉ። ሞንጉዝ፣ እኛ ፋሮ የምንለው ዓይነት አውሬ፣ ኩባ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሸንኮራ ማሳ ውስጥ አይጥ እንዲበላ ታስቦ። እሾህን በእሾህ መሆኑ ነው። አይጡም አላለቀ፣ ሞንጉዙም የወፍ እንቁላልና ጫጩት ቀመሰና ወደደው። አሁን ሁለቱም አሉ።

አራተኛውን ጠላት ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። አምባዛ ነው። የእኛው አምባዛ፣ የዝዋዩ፣ የላንጋኖው፣ የጣናው ባለ ጢም ዓሣ።

ወደ ጋሼ ሮጥኩ። አላመኑኝም። «እኛ ስንኖር አምባዛ የሚባል አልነበረም» አሉ። ትክክል ናቸው፣ አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ኩባ ክፉኛ በተራበችባቸው ዓመታት ማብቂያ ላይ ነው ለምግብ ተብሎ የገባው። ቶሎ ያድጋል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ለተራበ አገር ከዚህ የተሻለ ዓሣ የት ይገኛል? ኩሬ ተቆፍሮ ማርባት ተጀመረ። ኩባ ደግሞ የዐውሎ ነፋስ አገር ናት። ጎርፍ መጣ፣ ኩሬዎቹ ሞልተው ፈሰሱ፣ አምባዛ ወጣ። አየር መተንፈስ ስለሚችል እርጥብ ካገኘ በየብስም ትንሽ ይሳባል። ሳፓታ ደረሰ። እዚያ እንቁራሪቱንም፣ የአገሩን ዓሣም፣ የደረሰበትንም ይሰለቅጣል። ይበልጥ የሚፈራለት ለሬኗ ሳይሆን ከውሃው ላይ ለማይርቀው ለሳፓታ ሬል ነው። ያኛው ወፍ እጅግ የከፋ አደጋ ላይ ያለ ነው፤ በዓይን ያየው ሰው በጣም ጥቂት ነው።

«እና እዚያ ሰዉ ይበላዋል?» አሉ ጋሼ።

«ይበላዋል አሉ። ክላሪያ ይሉታል።»

«ቅርፊት የለውም እኮ!» ጋሼ ኩባ ውስጥ ያልበሉት የባሕር ነገር የለም። እዚህ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤታቸው አይገባም። ባለቤታቸው ከውስጥ ሆነው «ሰይጣን ነው እሱ» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

እኔን ግን አልለቀቀኝም። አምባዛ ጣና ላይ ማንንም አልበደለም። እዚያ ለሺህ ዓመታት ከሚያውቁት ፍጥረታት ጋር ይኖራል፤ የሚበላው አለ፣ የሚበሉት አሉ። ኩባ ላይ ግን የሚያውቀው የለም። ችግሩን ዓሣው ላይ መጫን ቀሏቸው የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ዓሣ ፓስፖርት አያወጣም።

አሁን ወደ እኛው ጨፌ ልመለስ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ጉሮሮው ቢጫ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ሻሽ የጠለቀ የሚመስል ወፍ አለ፤ በእንግሊዝኛው የአቢሲኒያ ሎንግክሎ የሚባለው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ አይገኝም። እሱም ከሥጋት ደረጃው ደፍ ላይ ነው። ያቺ አጥራችን ሥር ያለችውና ወደ ኩባ የመራችኝ ቡናማ ወፍ ደግሞ የኢትዮጵያ ሲስቲኮላ ናት። እሷ ለጊዜው ምንም አልሆነችም። ጋሼ ሁሉንም ድንቢጥ ይሏቸዋል።

ከሁሉም ይልቅ የሳፓታዋን ሬን ያስታወሰችኝ ግን ያላየኋት ናት። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል። ከሬን ጋር በዘር አትገናኝም፤ የሬል ቅርብ ዘመድ ናት። ኑሮዋ ግን አንድ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ቁርጥምጥም ያለች ወፍ፤ ውሃ በተኛበት ሣርና ቄጤማ መሀል ለመሬት ተጠግታ የምትኖር፤ ካልረገጧት በቀር የማትነሳ። ስትነሳ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ትወርዳለች፣ አበቃ። በዓለም ላይ በዋናነት የምትታወቀው በሁለት አገር ደጋ ረግረጎች ነው፤ በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ። ያሉት አዋቂ ወፎች ሲገመቱ ከ250 አይበልጡም። ቀይ መዝገቡ ላይ ከ2013 ጀምሮ ከመጥፋት በፊት ያለው የመጨረሻው እርከን ላይ ናት።

የድሮ መዛግብት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያስቀምጧታል። ይሄው እኛ ሜዳ ላይ። ዛሬ ስሟ የሚነሳው ግን ከሆለታ ወዲያ ካለው የበርጋ ረግረግ ጋር ነው። እዚያ በክረምት መጥታ ትራባለች። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከደቡብ አፍሪካ ተቆርቋሪዎች ጋር ሆኖ እዚያ ሲሠራ ቆይቷል። ለወፏ ተብሎ የተጀመረው ነገር ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት እስከመሥራት ደርሷል። በመራቢያዋ ወቅት ከብት ከቦታዋ እንዲርቅም ከነዋሪዎቹ ጋር ንግግር ተደርጓል። ለረጅም ጊዜ የምትራባው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2018 ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ የተተከሉ ካሜራዎች ጫጩቶቿን ያዙ። ድምፇም በትክክል የታወቀው በዚያው ሥራ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ወፏ ለሳይንስ ከተዋወቀች ከ1877 ጀምሮ መቶ አርባ ዓመት ገደማ ድምፇ የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት አልታወቀም ነበር። ለኔ ብጤ የድምፅ ሰው ይህ ከሁሉም የበለጠ ዜና ነው። ድምፇ ከታወቀ መቅጃ ተክሎ መሄድ ይቻላል። ሳሩን እየረገጡ ማስነሳት ይቀራል።

ለጋሼ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ላም አለኝ በሰማይ አልሽኝ» አሉ። «ካላየሻት፣ ካልሰማሻት፣ እዚህ መኖሯንም ካላወቅሽ ምኗን ነው የምትጠብቂው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ የሚጠብቁላት» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ለቁም ነገር ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። ጋሼ ጨፌያቸውን ከሰኔ ጀምረው ለከብት ይከለክላሉ። የራሳቸው ላሞች እንኳ አይገቡም። የጎረቤት ጥጃ ከገባ ጸብ ነው። ለምን? ለድርቆሽ። ሳሩ ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ያድጋል። መስቀል አልፎ ውሃው ሲሸሽና ሳሩ ሲበስል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ፍላፍቴሏ የምትራባው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ማጭዱ ሲመጣ እሷ ጨርሳለች። የድርቆሹና የወፏ የጊዜ ሰሌዳ ተነጋግረው ያወጡት ይመስላል። ማንም ለወፍ ብሎ ያደረገው አይደለም። ለወተት ነው። ፍሩሽካው ተወደደ፣ ፋጉሎው ተወደደ፤ የራሱ ድርቆሽ ያለው ሰው ከረም ይላል።

የሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚታየው ልዩነት ከዚህ ነው የሚመጣው ብዬ አስባለሁ። የማንም ያልሆነው የጋራ ግጦሽ በነሐሴ እንኳ ተግጦ፣ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። በአንድ ሰው እልህ የተከለከለው ጨፌ ጉልበት ያልፋል። ንጋት ላይ መቅጃዬን ይዤ ስወጣ ድምፅ ያለው የት እንደሆነ ለማወቅ ወፍ ማወቅ አያስፈልግም። አጥሩን ማየት ይበቃል።

እና ከኩባው ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሳፓታን ሳር ማንም አይፈልገውም፤ ስለዚህ መንግሥት አጥሮ ፓርክ ሊያደርገው ቻለ፤ ስለዚህም ሲቃጠል የኔ ተቃጠለ የሚል ጎረቤት የለም። የሱሉልታን ሳር ሰው ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በዱላ ይጠብቀዋል። ከሁለቱ የትኛው ለወፍ ይሻላል ብትሉኝ፣ እኔ በበኩሌ ወደ ዱላው አደላለሁ። በርጋም ላይ የሠራው ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ሳሩን የሚጠቀመው ሰው ውስጥ መኖሩ ነው።

ዱላው ግን ዋጋ አለው። ሱሉልታ የሸገር ከተማ አካል ከሆነች ወዲህ ደላላው በዝቷል። ጋሼ ቤት ባለ መነጽር ወጣት በባጃጅ ይመላለሳል። የአንድ ካሬ ሜትር መሬት ዋጋ ሲጠራ ከጎን ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ያን ዋጋ በድርቆሽ ለማግኘት የጋሼ የልጅ ልጆችም ዕድሜ አይበቃቸውም። ከእኛ በታች ያለው ጨፌ ባለፈው በጋ ቀይ አፈር ተደፋበት። አሁን ግንብ ነው። ክረምት ላይ ውሃው መተኛው ሲጠፋበት ወደ ሰው ሳሎን ገባ፤ ባለቤቱ ጎረቤቱን ይከሳል፣ ጎረቤቱ ውሃውን።

የመጥፋት ሥጋት ደረጃዎችን ሳነብ ስለዚህ ደላላ የሚናገር ነገር እፈልጋለሁ። ደረጃዎቹ የሚወጡት በቁጥር ነው፤ ወፉ ስንት ቀረ፣ የሚኖርበት ቦታ ምን ያህል ጠበበ፣ በስንት ዓመት ምን ያህል ቀነሰ። ትክክለኛና አስፈላጊ ሥራ ነው። የሳፓታዋ ሬን ባትመዘገብ ኖሮ እኔ እንጦጦ ሥር ሆኜ ስሟን የት እሰማለሁ? ነገር ግን ቁጥሩ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በፊት ያለው የፍሩሽካ ዋጋና የካሬ ሜትር ዋጋ ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ጨፌው ይቆያል፣ ሌላው ወደ ላይ ሲሄድ ይደፋል። ይህን የሚከታተል ሰው ወፍ ተመልካች አይባልም፤ ግን ከወፍ ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃል።

ጋሼን በቀጥታ ጠየቅኳቸው። «ይሸጡታል?»

«ልጆቹ ሽጠው ይላሉ» አሉ። ቀጥለው «ዘንድሮ ድርቆሹ ከተሸጠ ቆይ እላቸዋለሁ። ካልተሸጠ ምን እላለሁ?»

አምና ጥሩ አልተሸጠም። ደንበኛቸው የነበሩ ከብት አርቢ ላሞቻቸውን ሸጠው ወጥተዋል። ክምሩ እስከ ግንቦት ቆሞ የላይኛው ሻገተ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበባችሁ፣ ከብት ያላችሁ ወይም ከብት ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ስሙኝ። ጋሼ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ያጭዳሉ። ንጹሕ የጨፌ ድርቆሽ ነው፣ ዝናብ ሳይነካው ይከመራል። በእስርም በጭነትም ይሸጣሉ። ማጓጓዣ የገዢ ነው። ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ መልእክት ጣሉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ዋጋው ላይ ግን አትከራከሩኝ፣ ከእሳቸው ጋር ጨርሱ። በስፓኒሽ ሰላም ካላችኋቸው የተወሰነ ይቀንሳሉ።